በድርቅና በሰፈራ ወቅት የሚታዩ የቆዳ እብጠቶችና ቁስሎች

(ለጤና ሠራተኞችና ለሰፈራ አስተባባሪዎች የተደረገ ንግግር)



ድርቅ ያፈናቀለው ገበሬ ወደ መጠለያ ሲደርስ አስቀድሞ የሚታየው ረኀቡ ነው፤ ቁስሉን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ፊቱ ላይ እብጠት የወጣበት ሕፃን ወይም እጁ የቆሰለ ጐልማሳ ተራውን ጠብቆ ቅባት ተሰጥቶት ይመለሳል። ሆኖም ለዐይን አንድ የሚመስሉት እነዚህ ቁስሎች ከልዩ ልዩ ተሐዋስያን የሚመጡ ስለሆኑ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

በደጋውና በወይና ደጋው የሚታወቀው ቁንጭር ነው። መንሥኤው እ.ኤ.አ. በ1973 ሌይሽማንያ ኤትዮፒካ የሚል ስም የተሰጠው ጥገኛ ተሐዋስ ሲሆን፣ በገደልና በቋጥኝ መካከል በሚኖረው ሽኮኮ ገላ ውስጥ ይገኛል። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባለው፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ ፍጥረት ናት። በወሎ ኩታበር፣ በጋሞ ደግሞ ኦቾሎ በዚህ በሽታ ከተጠኑት ገደላማ ቦታዎች መካከል ናቸው። ቁንጭር አብዛኛውን ጊዜ ፊት ላይ እንደ ትንሽ እብጠት ይጀምርና በወራት ውስጥ ያድጋል፤ እምብዛም ስለማያም ቤተ ሰብ ይንቀዋል። በብዙዎቹ ላይ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ጠባሳ ትቶ ይድናል። በአንዳንዶቹ ላይ ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ውስጥ ይዘልቃል፤ በጥቂቶቹ ደግሞ ገላን በእብጠት ይሸፍናል፤ ይህ የመጨረሻው በራሱ አይድንም።

እጅግ የሚያሳዝነው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ገላው በእብጠት የተሸፈነው በሽተኛ የሥጋ ደዌ የያዘው ይመስላል። በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ይህ ስም አንድ ጊዜ ከተነገረ፣ ጐረቤት ከዚያ ቤተ ሰብ ጋር ውኃ ለመቅዳት እንኳ አብሮ መቆም ይጠላል። ከዚህም በላይ ለሥጋ ደዌ የሚሰጡት፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በጥምር እንዲወሰዱ ያዘዛቸው መድኃኒቶች ቁንጭርን አያድኑም።

ለመጀመሪያው ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሽተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ቆዳው በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ የተነካውን ቦታ ማመልከት ካልቻለ፣ ወይም በክርኑና በጉልበቱ አጠገብ ያሉት ነርቮች ወፍረው ከተገኙ፣ የሥጋ ደዌ ይጠረጠራል። ይሁን እንጂ እብጠት በሚበዛበት የሥጋ ደዌ ዓይነት ስሜት ዘግይቶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከቆዳው ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ለበሽታው ስም መስጠት አይገባም።

ፈጥኖ የሚገድለው ግን ሌላ ነው። ከብት በሚያልቅበት ወቅት የተራበ ሰው የሞተውን ከብት ይገፋል፣ ሥጋውንም ይበላል፤ ማንስ ሊፈርድበት ይችላል? ከብቱን የገደለው አባ ሰንጋ ከሆነ፣ በገፈፈው እጅ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያም መካከሉ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ዙሪያው ክፉኛ ቢያብጥም ቁስሉ ራሱ አያምም። በጊዜ ከተደረሰበት በፔኒሲሊን ይድናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ጀመረህ?» የሚል ነው፤ ቁንጭር ወራት፣ አባ ሰንጋ ቀናት ይፈጃልና። ሁለተኛው «የሞተ ከብት ገፈህ ነበር?» ነው።

በቆላ እሾህ ወግቶት እግሩ ላይ የሚገማ ቁስል ያወጣ ሰው ከመታጠቡና ከመድኃኒቱ ጋር በቂ ምግብ ያስፈልገዋል።

ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ካላ አዛር አለ። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ደጋ ሳይቀር በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ታክሞ የዳነ ሰው ከወራት በኋላ ፊቱ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ሊወጡበት ይችላሉ፤ በእነዚህም ውስጥ ተሐዋሱ ስለሚገኝ የአሸዋ ዝንብ ከእርሱ ወስዳ ለሌላ ልታስተላልፍ ትችላለች። በመሆኑም በሰፋሪው የጤና ካርድ ላይ ከስሙና ከዕድሜው ቀጥሎ የመጣበት ወረዳ፣ ቀድሞ በቆላ የሠራበት ቦታና ለካላ አዛር ታክሞ እንደሆነ መመዝገብ አለበት።