የዋስ መብት በከባድ ወንጀል
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ በአንበሳሜ ለመራጩ ሕዝብ ያደረጉት ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ ያለንን አቋም ባልደረቦቻችን አስረድተዋችኋል። እኛ የቆምነው ሰው ሲሞት ወይም ሲቆስል የተጠረጠረው በዋስ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚለው ላይ ለመነጋገር ነው። ርእሱ ድምፅ አያስገኝም ያሉን አሉ። ደም በሚፈላለግ አገር ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ጉዳይ ጥቂት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል። ፍርድ ቤት ይህን የሚነፍገው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። መነሻው መፈታት ነው ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. ወጥቶ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 63 የቅጣቱን ክብደትና የተበዳዩን ዕጣ ይመለከታል፤ ክሱ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል እንደሆነ፣ ተበዳዩም የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል እንደሆነ። በቁጥር 67 ደግሞ ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ምስክር ያባብላል ተብሎ የሚገመተው እንዳይለቀቅ ያዛል።

ችግሩ የት ላይ ነው? በገበያ ቀን ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ በዱላ ተመትቶ ሞተ እንበል። ዐቃቤ ሕጉ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ከከሰሰ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው፤ በአንቀጽ 541 ከከሰሰ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። በመጀመሪያው የዋስትና በር ይዘጋል፣ በሁለተኛው ይከፈታል። እንግዲህ ነገሩን የቆረጠው ማነው? ቁጥሩን የጻፈው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ያውም አንድ ምስክር ሳይሰማ።

በ1993 ዓ.ም. አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ሲያዙ፣ ፖሊስ ከፍርድ ቤቱ ደጅ መልሶ ያዛቸው፤ ወዲያውም ለሙስና ተከሳሽ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ጉዳዩ የግድያ አልነበረም። ነገር ግን የዳኛ ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚከበር ያን ጊዜ ሁላችንም አየን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በክልላችን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝ ተፈቅዶ ነበር።

የሟች ወገን ደግሞ ሌላ ጩኸት አለው። ገዳይ ተብሎ የተያዘው በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት ሲታይ «ሕግ የለም» ይልና ጠመንጃውን ይወለውላል። ምስክሩም ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ፣ በአንድ ደብር የሚያስቀድስ ጎረቤት ነው፤ ተከሳሹ ዝም ብሎ ቢያየው እንኳ ይበቃዋል። ይህን ስጋት የማይሰማ ፖለቲከኛ ገጠር አያውቅም።

ገንዘብም አለ። ቁጥር 69 የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተከሳሹ አቅም ይታይ ይላል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ከወዴት ያመጣል? በሬውን ይሸጣል፣ ወይም ደመወዝ ያለው ዋስ ይለምናል። «ዋስ ጠበቃ አያሳጣህ» ተብሎ የሚመረቀው በከንቱ አይደለም። ባለሀብቱ ግን ከፍሎ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል።

ፓርቲያችን የተከሰሰ ሁሉ ይለቀቅ አይልም። ብንመረጥ የምናቀርበው ማሻሻያ የክስ ቁጥር ብቻውን በሩን እንዳይዘጋ ነው። ዳኛው ማስረጃውን፣ የሟችን ቤተሰብና የምስክሮችን ስጋት ሰምቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስፍር። የሚለቀቀው ሰው መሣሪያውን እንዲያስረክብ፣ እስከ ፍርዱ በሌላ ወረዳ እንዲቀመጥ ማዘዝ ይችላል። የተነፈገው ደግሞ በቀጠሮ ብዛት ዓመት እንዳይከርም መዝገቡ ቅድሚያ ያግኝ፤ ይህ ዳኛ መጨመርን፣ ስለዚህም በጀትን ይጠይቃል፣ አንደብቃችሁም። ፍርድ ቤት ልቀቅ ያለውን ያልለቀቀ የፖሊስ ኃላፊ በግሉ ይጠየቅ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለንም።

ሽማግሌዎቻችን «እርቅ ከወረደ ክሱ ለምን?» ብለው ጠይቀውናል። እርቁን ዳኛው በዋስትናው ላይ እንዲያመዛዝነው እንሻለን፤ ክሱን ያስቀር ግን አንልም። እዚህ ላይ የማትስማሙ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እጃችሁን አውጡና ንገሩን።