እንቅርት ከወጣ በኋላ



እናታችን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ወደ ቤት ስትመለስ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» እንላለን። ሆኖም ቀጣዮቹን ቀናት ልንከታተላት ይገባል። ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 የሆኑ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በቀዶ ሕክምናው ከተጎዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ካልሲየም ይወርዳል። ቀድሞውኑ ቫይታሚን ዲ ያነሳት ከሆነ ደግሞ አደጋው ይጨምራል፤ አንጀት ካልሲየምን በሚገባ የሚቀበለው በእርሱ ነውና።

ከንፈሯን ወይም ጣቶቿን ካደነዘዛት፣ ጡንቻዋም ከተኮማተረ «ድካም ነው» ብለን አንዘናጋ፤ ፈጥነን ወደ ሐኪም እንውሰዳት። የታዘዘላትን ካልሲየም ለረመዳን ጾም ብላ በራሷ እንዳታቋርጥም እንምከራት፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ማዘግየት ተፈቅዶለታልና።