ሥልጣን ከማዕከል ወደ ሰፈር ሲወርድ

ዛሬ የምንመለከተው እንደ አዲስ አበባ ያለ ሰፊ ከተማ የአስተዳደሩን ሥልጣን ከማዕከል ወደ ሰፈር የሚያወርድበትን መንገድ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችን ማስተዳደር ለቀበሌ ማኅበራት ስለ ተሰጠ፣ ቀበሌ የአዲስ አበባ ነዋሪ የመጠለያውም የመታወቂያውም ጉዳይ የሚፈጸምበት ደጅ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 361 የጸደቀው የተሻሻለው የከተማዋ ቻርተር ደግሞ በከንቲባውና በቀበሌው መካከል ክፍለ ከተማ የሚባለውን እርከን በሕግ አጸና፤ በመጀመሪያ 10 የነበሩት ክፍላተ ከተማ፣ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲታከል 11 ሆኑ፤ የቀበሌንም ስፍራ ከቻርተሩ በኋላ ወረዳ ወረሰ።

ይሁን እንጂ ሥልጣን ያለ በጀትና ያለ ባለሙያ ብቻውን ቢወርድ፣ ባለጉዳዩ «ነገ ተመለስ» ከመባል አይድንም። ስለዚህ ሥልጣንን ወደ ሰፈር የማውረዱ ፍሬ የሚመዘነው በእርከኖች ብዛት ሳይሆን፣ መዝገቡ በሥርዓት ተጠብቆ፣ ውሳኔው ባለጉዳዩ በቆመበት መስኮት ሲሰጥ፣ ሹሙም በአደራ ለተቀበለው ሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታውን ሲፈጽም ነው።