የጠይም ፊት በኦሌድ ቴሌቪዥን፦ ስለ ቤት ውስጥ የምስል ማስተካከያ የተሰጠ ገለጻ



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀሎ ሊታይ ይችላል። «የፊዚክስ መምህር ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ እስከ ማቻክል የመጣው ስለ ቴሌቪዥን ሪሞት ሊነግረን ነውን?» የሚል ጥያቄ ወደዚህ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት ቀርቦልኛል። መልሴ «አዎን» ነው። ሆኖም ሪሞቱ የሚያዝዘው ነገር ቀላል አይደለም። ቴሌቪዥን ከፋብሪካ ሲወጣ ምስሉ በአብዛኛው የተዘጋጀው የገዢን ዓይን ለመሳብ ነው። በዚያው ዝግጅት ቤት ገብቶ ሲቀር ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላሸው የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ነው። ይህም የእኛው ፊት ነው። ገለጻዬ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በቃላችን ልጀምር። አማርኛ ሰውን በመልኩ ሲለይ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይላል። «ቀይ ሰው» ስንል በርበሬ የመሰለ ሰው ማለታችን እንዳልሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በብርሃን ጥናት ዓይን ሲታዩ እነዚህ ቃላት የሚያስገርም ትክክለኛነት አላቸው። የቴሌቪዥን ባለሙያዎች የቀለምን አቅጣጫ የሚያዩበት ቬክተርስኮፕ የሚባል መሣሪያ አለ። በዚያ መሣሪያ ላይ የስዊድኑም፣ የጎጃሙም፣ የጋምቤላውም ሰው ቆዳ በብርቱካናማው በኩል ባለች አንዲት መስመር አጠገብ ያርፋል። ቆዳን ከቆዳ በዋናነት የሚለየው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የድምቀቱ መጠን ነውና። እንግዲህ በጠይምና በቀይ ዳማ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት የብርሃን እርከን ናት። ያችን እርከን አንድ ያለ ቦታው የተቀመጠ ማስተካከያ ይውጣታል።

ችግሩ ከኦሌድ ዘመን በጣም ይቀድማል። የኮዳክ ኩባንያ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የእርሷ ፊት ካማረ ሁሉም አማረ ማለት ነበር። በሞንትሪያል የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ኩባንያው ቡናማውን የቀለም ክልል እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ምርቶቻችን በፎቶግራፍ ላይ አይለዩም ብለው አማርረው ነበር። ጠይም ፊት በፊልም ላይ ቦታ ያገኘው በከፊል በቁም ሣጥን ዋስትና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ባለ ቀለም የሆነው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ጊዜ ነው። የዚያ ዘመን መሣሪያ ድምቀትና ንጽጽርን የሚያስተካክሉ የሚዞሩ ቁልፎች ነበሩት። ተመልካቹ ፊት እስኪታየው ድረስ በእጁ ያዞር ነበር። ዛሬ ቁልፎቹ ወደ ምናሌ ውስጥ ገቡ፤ ቁጥራቸው በዛ፤ ስማቸውም በእንግሊዝኛ ሆነ። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት ማንም አይነካቸውም።

አሁን ወደ ኦሌድ እንግባ። በተለመደው የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ከጀርባ መብራት አለ፤ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መጋረጃ እየተከፈተና እየተዘጋ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። መጋረጃው ግን ፈጽሞ አይገጥምም። በጨለማ ክፍል ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ የሚታየን ስለዚህ ነው። በኦሌድ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ መብራት ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 በኮዳክ ቤተ ሙከራ ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ በስስ የካርቦን ውሁዶች ንጣፍ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈው ብርሃን ሲያገኙ የጀመረው ሥራ ነው ዛሬ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው። የሸርሊ ካርድ ያው ኩባንያ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ባለ 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥቦች አሉት። ጥቁር ሲያስፈልግ ነጥቧ ትጠፋለች። ስለዚህ ኦሌድ ለጥላ፣ ለጥቁር ፀጉር፣ በማታ ብርሃን ለተቀረጸ ጠይም ፊት እስከ ዛሬ ከተሠሩት የቤት ስክሪኖች ሁሉ የተሻለ ዕድል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በሱቅ ማስተካከያ ላይ መተው ይህን ዕድል መጣል ነው።

የሱቁ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ «ቪቪድ» ይባላል። በነጭ መብራት በተጥለቀለቀ ሱቅ ውስጥ፣ በሃያ ሌሎች ስክሪኖች መካከል፣ ገዢን ለመጥራት የተዘጋጀ ነው። ነጩን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል፤ ቀለሙን ያከርረዋል፤ ጠርዙን ያሾለዋል። እዚሁ አማኑኤል በአንድ ዘመድ ቤት፣ ልጅ ከውጭ አገር ባመጣችው ኦሌድ ዜና እየተመለከትን ሳለ፣ የቤቱ እመቤት «ይህ ልጅ ምን ነክቶት ነው ፊቱ አመድ የመሰለው? ታሞ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው «እማማ፣ ምስሉ ጠርቶ ነው» አላቸው። «ከጠራማ ሰው ሰው ይመስላል» አሉት። በሙያዬ ከዚህ የተሻለ ፍቺ አላገኘሁም። ያዩት የጠይም ቆዳ ብርቱካናማነት በሰማያዊ ነጭ ሲሸፈን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የምስሉን ሁነታ ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም፣ ካለ፣ ወደ «ፊልምሜከር» መለወጥ ነው። ይህ ሁለተኛው ስም እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኤችዲ አሊያንስ ይፋ የተደረገ ሲሆን ምስሉን በተሠራበት መስፈርት ለማሳየት የታሰበ ነው። ቀጥሎ «ከለር ቴምፕሬቸር» የሚለውን ወደ «ዋርም» መውሰድ ነው። የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ነጭ 6500 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የሱቁ ነጭ ከ9000 ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይደናገራሉ፤ የሚግለው ሰማያዊው ሆኖ ሳለ ምናሌው ሰማያዊውን «ቀዝቃዛ» ይለዋል። አንጥረኛ ግን አይደናገርም፤ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ እየጋለ ሲሄድ ይነጣል።

«ዋርም» ስታደርጉት በመጀመሪያው ምሽት ስክሪኑ ቢጫ የሆነ ይመስላችኋል። ሦስት ምሽት ታገሡት። ከጨለማ ቤተ መቅደስ በቀትር ወደ ደጀ ሰላም የሚወጣ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ እንደሚቆም ሁሉ፣ ለነጭም መልመጃ ጊዜ አለው።

ሌሎቹን ቁልፎች ለማስተካከል በውጭ አገር በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ መለኪያ ይጠቀማሉ። ለእኛ የጥምቀት በዓል ሥርጭት ይበቃል። በቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ሹሩባ የተሠሩ፣ ጠይም ሴቶች በአንድ ምስል ውስጥ ቆመዋል። ለካሜራም ለስክሪንም ከዚህ የከበደ ፈተና የለም። በስልካችሁ ወይም በፍላሽ አንድ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ምስል ያዙና ቴሌቪዥኑ ላይ አቁሙት።

በመጀመሪያ ነጠላውን ተመልከቱ። እጥፋቱና ሽመናው ጠፍቶ አንድ የተለሰነ ኖራ ከመሰለ «ኮንትራስት» በዝቷል፤ እጥፋቱ እስኪመለስ ቀንሱት። ቀጥሎ ሹሩባውን ተመልከቱ። በጉንጉኑ መካከል ያለው መስመር ካልተለየና ፀጉሩ አንድ ጥቁር ጉብታ ከሆነ ጥላው ታፍኗል። በብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች «ብራይትነስ» የሚባለው ቁልፍ፣ ስሙ እንደሚያታልለው፣ የስክሪኑን ጉልበት ሳይሆን ይህን የጥቁር መነሻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ጉልበቱን የሚያዝዘው «ኦሌድ ላይት» ወይም «ፒክስል ብራይትነስ» የሚባለው ሌላ ቁልፍ ነው።

ሹሩባው በዚህ ካልዳነ ጥፋቱን በዲኮደሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ፈልጉት። ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ መናገር እወዳለሁ፤ በየቤቱ የማየው ነውና። በ8 ቢት የቪዲዮ መስፈርት ጥቁር በ16፣ ነጭ በ235 ቁጥር ይወከላል፤ የኮምፒዩተር መስፈርት ግን ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ዲኮደሩ በሰፊው ልኬት ልኮ ቴሌቪዥኑ በጠባቡ ከጠበቀ፣ ከ16 በታች ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በተቃራኒው ከሆነ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ለነጭ ፊት ይህ ስሕተት ጥቂት ጉዳት ነው፤ ፊቱ ከዚያ ክልል በጣም ርቆ ነው የሚገኘው። ጥላ ውስጥ ለቆመ ጥቁር ሰው ግን ቅንድቡን፣ የዓይኑን ጓዳ፣ የአገጩን ቅርጽ ይወስድበታል። አንድ ዓይነት ስሕተት ለሁሉም እኩል አለመሆኑን እዚህ ላይ እናያለን። በሁለቱም ምናሌ «ብላክ ሌቭል» ወይም «ኤችዲኤምአይ ሬንጅ» የሚለውን አንድ ዓይነት አድርጉት።

በመጨረሻ ወደ ፊቱ ተመለሱ። «ከለር» የሚለውን ጠይሟ ጠይም፣ ቀይ ዳማዋ ቀይ ዳማ እስኪሆኑ ቀንሱት ወይም ጨምሩት። በዚህ ጉዳይ ዳኝነቱ የሽማግሌዎችና የእናቶች ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወጣቶቻችን በስልክ ማስዋቢያ የለሰለሰ ፊት ለምደዋል።

«ሻርፕነስ» ወደ ዝቅተኛው ይጠጋ። የሳተላይት ሥርጭት የታመቀ ስለሆነ፣ ስታሾሉት የሚጎላው ዝርዝሩ ሳይሆን የመታመቁ ቁርጥራጭ ነው፤ በነጠላው ጥበብ ዙሪያ ነጭ ጭረት ካያችሁ ምልክቱ እርሱ ነው። የጥንት ቅጂዎች በ4 ለ3 ቅርጽ የተቀረጹ ናቸው፤ ስክሪኑን እንዲሞሉ ሲለጠጡ ሰው በሲሶ ይወፍራል። የሟች አባቱን የቆየ ቃለ መጠይቅ የሚመለከት ልጅ አባቱን በልኩ ሊያይ ይገባዋል። ከግራና ከቀኝ ጥቁር ቢቀር ምን ይጎዳናል?

የእንቅስቃሴ ማለስለሻውንም አጥፉት። ፊልም በሰከንድ በ24 ምስል ይቀረጻል፤ ማለስለሻው በመካከል ያልተቀረጹ ምስሎችን ፈጥሮ ይሰካል፤ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንደ ስቱዲዮ ድራማ ያስመስለዋል። ለእግር ኳስ ግን የፈለጋችሁትን አድርጉ። አንድ ባልደረባዬ «ሕዝቡ የደመቀውን ይወዳል፤ አንተ ማን ነህ?» ይለኛል። በሣሩ አልከራከርም፤ የኦልድ ትራፎርድ ሣር የወደደውን ያህል ይለምልም።

ስለ ክፍላችን ሁለት ነገር ብቻ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ የበጋ ፀሐያችን ብርቱ ነው። ኦሌድ ደግሞ ከበር የሚገባ ፀሐይን በጉልበት አይቋቋምም። ስክሪኑን ከበሩ ፊት ለፊት አታስቀምጡ፤ ለቀን አንድ፣ ለማታ አንድ ማስተካከያ ያዙ። ግድግዳችን ደግሞ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ውኃ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነው። በአረንጓዴ የተከበበ ፊት ለዓይናችን ቀላ ብሎ ይታየዋል። ግድግዳችሁን አመድማ ቀቡ አልላችሁም፤ ሲመዝኑ ግን ይታሰብ።

አሁን ምስሉን ካስተካከልን በኋላ የሚያበላሸውን ልማድ ላንሣ። የኦሌድ ነጥቦች በሥራ ያረጃሉ፤ ሰማያዊውን የሚያመነጨው ንጥረ ነገር በተለይ ቶሎ ይደክማል። በአንድ ማዕዘን ቀኑን ሙሉ የሚቆም የጣቢያ ዓርማና በግርጌ የተዘረጋ የዜና መደብ ከሌላው ቦታ ይልቅ ነጥቦቹን ያስረጃል፤ በኋላ ጥላው በሌላ ጣቢያ ላይም ይታያል። አምራቾቹ ይህን ያውቃሉ። ብዙዎቹ ኦሌድ ቴሌቪዥኖች አራት ሰዓት ያህል ከተሠራባቸው በኋላ በሪሞት ሲጠፉ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነጥቦቻቸውን በድብቅ እየለኩ ያስተካክላሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን ኤሌክትሪክ ሲኖራቸው ነው።

እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ ስለምንፈራ ዜናው እንዳለቀ ከሶኬት እንነቅላለን። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ልማዱ ግን ማስተካከያውን ለዘለዓለም ይከለክለዋል። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ ጣቢያ ዓርማ ተነቅሶበት ያየሁት ተጠንቅቆ በሚነቅል ቤት ነው። ስለዚህ በስታቢላይዘር በኩል ሰክታችሁ፣ በሪሞት አጥፉና ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ ንቀሉ። የክረምት መብረቅ ከጮቄ በኩል ሲያጉረመርም ግን ሩብ ሰዓት አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ንቀሉ፤ የአንድ ምሽት ማስተካከያ ቢያልፍ ጉዳት የለውም። መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ መብራት በተመለሰ ማግስት አብርታችሁ በሪሞት አጥፉት።

የዳንቴል ልብሱን በተመለከተ አንዲት እናት ከመድረኩ በፊት ጠይቀውኛል። ስክሪኑ ሲሠራ ይነሣ፤ ከጠፋም በኋላ ሩብ ሰዓት ይቆይ፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋልና።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንሂድ። ይህ ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ተማሪዎች፣ በስተምሥራቅ ያለውን መጋረጃ ዝጉልን። ሹሩባ የተሠራችሁ ሁለት ልጆችና ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ወደ ካሜራው ቀረብ በሉ፤ ሌሎቻችን ደግሞ ፊታቸውን በስክሪኑና በአካል እያስተያየን በየቁልፉ እንሄዳለን።