የማሸጊያ ፋይሎች ማደሪያ



በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዴቢያን ማናቸውንም ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚያደርሰው በራሱ ሥርዓት አሽጎ ነው። የፓኬጁ መግለጫ፣ የግንባታው ትእዛዝ፣ የፈቃዱ ሰነድና የለውጡ መዝገብ የሚቀመጡበት ማኅደርም «ዴቢያን» ይባላል። ይህ ማኅደር ከፕሮግራሙ ደራሲ ዘንድ ይኑር ወይስ ከአሻጊው?

ደራሲው ሁሉም በአንድ ስፍራ ቢሆን ይወዳል፤ ፍላጎቱም የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ የሚገለጠው በእትሙ ቍጥር ላይ ነው። ለምሳሌ 2.4-1 ሲባል 2.4 የደራሲው፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው 1 ደግሞ የአሻጊው ነው። አሻጊው የጎደለ ጥገኝነት ቢያሟላ 2.4-2 ብሎ ያወጣል፤ የደራሲው ሥራ አልተነካም። ፋይሎቹ በደራሲው ጥቅል ውስጥ ብቻ ቢኖሩ ግን ለአንዲት መሥመር እርማት አዲስ እትም መጠበቅ ግድ ይሆናል። የደኅንነት ጉድለት ሲሆንማ መዘግየቱ የስንቱን ኮምፒውተር በር ክፍት ያቆያል!

1.0 በሚባለው የምንጭ ፓኬጅ አሠራር የአሻጊው ለውጥ በደራሲው ፋይሎች ላይ ስለሚደረብ የሁለቱ ማኅደሮች ይቀላቀላሉ፤ ደራሲው ያኖረውንም ፋይል በዚያ መንገድ መሰረዝ አይቻልም። 3.0 ኩዊልት የተሰኘው አሠራር የደራሲውን ማኅደር ጨርሶ አስወግዶ የአሻጊውን ይተካል። ፌዶራም ለየፓኬጁ የተለየ ማከማቻ አለው።

ደራሲው ለሙከራ የራሱን ማሸጊያ ቢሻ በጊት ማከማቻው በተለየ ቅርንጫፍ ያኑረው፤ ለሕዝብ በሚያወጣው ጥቅል ውስጥ ግን አያካትተው።