የጋራ አየር፣ የየግል ባትሪ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ገመድ አልባ የሴንሰር መረብ ነው። ይኸውም የአፈርን ርጥበት፣ የድልድይን ንዝረት ወይም የደንን ሙቀት እየለኩ ውጤቱን በራዲዮ ወደ ዋና ጣቢያ የሚልኩ፣ በትናንሽ ባትሪዎች የሚሠሩ መሣሪያዎች ስብስብ ማለት ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ሀብት ምንድን ነው ብንባል ብዙዎቻችን «አየሩ ነው» እንላለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው።

የአየሩ ጉዳይ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ ሥራ ላይ ያዋሉት የአሎሃ መረብ በተለያዩ ደሴቶች የነበሩትን ተጠቃሚዎች በአንድ የጋራ የራዲዮ መስመር ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ መልእክት ያለው ይልካል፣ መልእክቱ ከሌላው ጋር የተጋጨበት ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። በሒሳብ ሲመረመር ግን በዚህ ደንብ ለቁም ነገር የሚውለው የአየሩ ጊዜ ቢበዛ 18 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጊዜው በእኩል ተከፋፍሎ ሁሉም በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲልክ ቢደረግ፣ መጠኑ ወደ 37 በመቶ ከፍ ይላል።

በሴንሰር መረብ ውስጥ ግን የተጋጨ መልእክት ሁሉ የባከነ ባትሪ ነው። ከዚህም በላይ ራዲዮው ምንም ሳይመጣለት ሲያዳምጥ የሚፈጀው ኃይል መልእክት ሲቀበል ከሚፈጀው ብዙም አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀረበው ኤስ-ማክ የተባለው ደንብ ጎረቤታሞች መሣሪያዎች በአንድነት ተኝተው በአንድነት እንዲነቁ ያደረገው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ብቻውን አይበቃም። መልእክት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተቀባበለ በሚሄድበት መረብ፣ ለዋናው ጣቢያ ቅርብ የሆኑት የሁሉንም ሸክም ይሸከማሉ፤ ስለዚህም ቀድመው ይሞታሉ። እነርሱ ሲሞቱ ከሩቅ ያሉት ባትሪያቸው ሳይጎድል ድምፃቸው ይጠፋል። መረቡን የገደለው የኃይል ማነስ ሳይሆን የሸክሙ አለመከፋፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዌንዲ ሀይንዝልማን፣ አናንታ ቻንድራካሳንና ሐሪ ባላክሪሽናን ሊች የተባለውን ደንብ ያቀረቡት ይህን ተመልክተው ነው። በእርሱ መሠረት መሣሪያዎች በምድብ ይከፈላሉ፤ የምድቡ አለቃ የሌሎቹን ልኬት ሰብስቦና አጠቃሎ ወደ ጣቢያው ይልካል። አለቅነት እጅግ አድካሚ ስለሆነ ሹመቱ በዕጣና በተራ ነው፤ አንድ ጊዜ ያገለገለ ሌሎቹ ሳያገለግሉ አይደግምም። ደንቡ ጉድለት አለው፤ የሁሉም ራዲዮ እስከ ጣቢያው ይደርሳል ብሎ ይነሣል፣ በመጀመሪያ አቀራረቡም የቀረውን ባትሪ አይጠይቅም። መሠረተ ሐሳቡ ግን ጸንቶ ይኖራል።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ የመረብ ዕቅድ ሲቀርብልን «አማካይ የባትሪ ዕድሜ» የሚለው ቁጥር አያዘናጋን። አማካዩ የደካማውን ሞት ይሸፍናል። አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ከሁሉ በፊት የሚደክመው ማን ነው፣ ተራውንስ ማን ይቀበለዋል የሚለውን ነው። የመስኖ ውኃ በተራ የሚካፈል ገበሬ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያውቀዋል።