ሕዝብ ጨረቃን ለምን ተወ?

እርሷ፦ ሰው ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጨረቃን ረገጠ፤ ታኅሣሥ 1965 ላይ ግን ጉዞው ቆመ። ወንድሜ፣ አሜሪካውያንን ምን ነካቸው?

እርሱ፦ ፉክክሩ አለቀ! ዓላማው ሶቪየትን መቅደም ነበር፤ ከተቀደመች በኋላ ለግብር ከፋዩ የሚነገር ሌላ አሳማኝ ምክንያት ጠፋ። የቬትናም ጦርነትም ገንዘቡን ይበላ ነበር። በ1958 ገደማ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ያገኝ የነበረው የጠፈር ድርጅት ናሳ ድርሻው አሽቆለቆለ፤ የጨረቃ ጉዞዎቹ አፖሎ 18፣ 19 እና 20 ሳይነሱ ተሰረዙ።

እርሷ፦ የድሆቹንም ድምፅ አንርሳ። የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድ ራልፍ አበርናቲ ሰውን መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ባደረሰው በአፖሎ 11 መነሻ ዋዜማ፣ ድሆች ቤተሰቦችን አስከትለው ወጪውን በመቃወም እስከ ማስወንጨፊያው ጣቢያ ሄደዋል። ጥያቄው እኛም ዘንድ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ፣ «ሕዝብ እየተራበ ሰማይ ምን ይሠራልናል?» ያለ ብዙ ነበር።

እርሱ፦ እህቴ፣ ልዩነት አለው እኮ! የኛዋ የተሠራችው ቁልቁል እንድታይ ነው፤ እርሻን፣ ደንን፣ ውሃን። ከወጪዋም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። ዝናብ ጠባቂ ለሆነው የትግራይ ገበሬ ይህ ቅንጦት አይደለም።

እርሷ፦ እስማማለሁ፤ ግን መረጃው አዲስ አበባ ከቀረ ገበሬው ምን አገኘ? ጦርነት ትምህርት ቤቱን ያፈረሰበት ወላጅ የሳተላይት በጀትን እንዲደግፍ ከፈለግን፣ ምስሉ በየወረዳው የግብርና ባለሙያ እጅ ይግባ። ያኔ እኔም ለሳተላይት እሟገታለሁ።